ባዶ አረፋ

ኢሶቤ ይሉታል። ቶኪዮ፣ ኢዳባሺ፣ የማንጋ መጽሔት ቤት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃል ሲለጥፍ ኖረ በሥዕል ሰዎች አፍ ላይ፤
ለጭራቁ ሳቁን፣ ለጀግናው ፉከራ፣
በምላጭ፣ በሙጫ፣
አንገቱ በጎበጠ መብራት ሥር ሲሠራ።

ዛሬ ግን ደራሲው ቃል አልላከም።
ማተሚያ ቤት ደወለ፤ ሌሊቱም ገፋ።
ባቡር ጣቢያ የቆመች ልጅ፣
ከከንፈሯ አጠገብ ባዶ አረፋ።

መሳቢያውን ሳበ፤
ከትርፍራፊ ፊደል አንድ ቃል ሰበሰበ፦
«አትሂድ።»

በእነሱ ቋንቋ «አትሂድ»ም «አትሂጂ»ም አንድ ነው፤
ኪኑዮ ሻንጣዋን ያነሣች ቀን
ጉሮሮው ላይ የቀረው ይኸው ነው።

ሲነጋ ደራሲው በስልክ ጮኸ፦
«ይህን ማን አለ?»
«የፊደል ግድፈት ነው፣ ይቅርታ» አለ ኢሶቤ፣
የደረቀ ሙጫ ከጣቱ እየላጠ፣
ቀስ እያለ።