ትንፍሽ

የፖርቶ ደረጃ አርባ ሁለት ነው እስከ ቤቴ፤
ድሮ ቆጥሬው አላውቅም፤ ዛሬ ይቆጥረዋል ደረቴ።
ሳሉ ጥቅምት ገብቶ፣ በጥር ወጣሁ አለ፣
ቁልፉን ግን እንደ ክፉ ተከራይ በጣቱ እንዳንጠለጠለ።

ኢዳሊና፣ የሳንባ ወጌሻዬ፣ ሻማ ለኮሰችልኝ፤
«ነበልባሉን አስግደው እንጂ እንዳታጠፋው» አለችኝ።
ሁለት በአፍንጫ፣ አራት በከንፈር።
ትከሻህ ይውረድ። ሆድህ ይናገር።

እኔ ትንፍሽ የማልል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ሚስቴና እህቷ «ድንጋይ ነው» ሲሉ፣
ዛሬ ታዘዘልኝ፣ በወረቀት፣ ማኅተም አርፎበት፦
«ትንፍሽ በል። በቀን ሦስት ጊዜ። ከምግብ በፊት።»

ትናንት ሃያ ስድስተኛው ላይ ቁጭ አልኩ።
የጎረቤት አንሶላ ገመዱ ላይ ይነፋል፣ ይተነፍሳል።
«ደከመኝ» አልኩ፣ ወደ መስኮታችን።

ወረደች። ምንም አላለችም፤
ሃያ ሰባተኛው ላይ ተቀመጠች።