አራት ጣት

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ብረቱ ሳይግል ገና፣
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ጎኗ ተንበርክኬ እንደገና፣
ሰንሰለቷን እለካለሁ።

ሊዋ ነው ያለሁት፤ የሙሰበህ የተምር እርሻ፣
ከአጥሩ ወዲያ አሸዋ ነው፣ መነሻ እንጂ የለው መድረሻ።
ሌሊት ሌሊት ነፋስ እየገፋው ይመጣል፤
ቀን ቀን እኔና አሮጊቷ ዶዘር እንመልሰዋለን።
ሥራው ይኸው ነው። ሌላ የለውም።
ድሮ ቢጫ ነበረች ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም፤
አሁን የምትገፋውን መስላለች።

ዘርዋሊ ቀጥ ያለ ብረት ያጋድማል ከላይ፣
ከፊተኛው መዘውር እስከ ላይኛው ሮለር፤
ሰንሰለቱ ከረገበበት፣ ከብረቱ ስር፣
እጄን በአግድም እሰዳለሁ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጣት።

«አራት ጣት ይርገብ» ይል ነበር ጋሽ ወርዶፋ፣
መተሐራ፣ የሸንኮራው ጋራዥ፣ ዘይት በጠጣ አፈር ላይ ቁጢጥ ብሎ፤
«የላላ ይወልቃል፣ የጠበቀ ራሱን ይበላል፤
ሰንሰለት ማለት እንደ ትዳር . . .» ብሎ ይጀምርና
ሚስቱ ምሳ ይዛ ብቅ ስትል ይተወዋል።

ዘርዋሊ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም፤
ዋዚሪስታን ቀርተዋል፣ አንድ ድልድይ ሥራ ላይ።
«አራት ጣት» ስለው «የማን አራት?» ይለኛል
ሁለታችንም በተዋስነው አረብኛ።
እኔ ዳዶ የምለውን እሱ ዲብሪ ይላል፣
ባለቤቱ ሳሙላ፤
ከዛገ ግን በየትኛውም ስም ቢጠሩት አይፈታ።

ሰኞ ዕለት፣ አሸዋው ወገብ ላይ፣ ልትዞር ስትል፣
የግራው ሰንሰለት ወለቀ፤
ከሥራ የገባ ሰው ጫማውን እንደሚያወልቅ፣ በቀስታ።
የባለቤቱ ልጅ በነጭ መኪና መጣ፣
መስኮቱን ግማሽ አወረደ፣ ዋጋዋን በኪሎ ጠራ።
ሽማግሌው ሙሰበህ አልመለሰለትም።
ነጠላ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ዞራት፤
የተበላውን ፒን በአውራ ጣቱ ዳበሰና
«ይሄኛው ጎን አልቋል» አለ፤ «ያኛውስ?»

ያኛው አልተነካም ነበር።
ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጎኑ ሲፈጭ የኖረ ፒን
ጀርባው ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ክብ ነው።

ማዞር ነው እንግዲህ።
በእሳት ማሞቅ፣ በመዶሻ ማስወጣት፣
ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ መምታት፤
አርባ ጊዜ።
ዘርዋሊ በቀሩት ሦስት ጣቶቹ ብረቱን ያዘልኝ፣
ዓይኑን ሳይሰብር።
ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ፣ መቺው።

ሦስት ቀን ፈጀብን። ሦስት ቀን አሸዋው ሃይ ባይ ሳያገኝ መጣ፤
አጥሩን አለፈ፤
የመጀመሪያውን ረድፍ ተምር እስከ ጉልበቱ ዋጠ።

ለጋሽ ወርዶፋ በስልክ ድምፄን ላክሁ፦
«ጋሼ፣ አሸዋ ላይ ስንት ጣት?»
አንድ ቀን ሙሉ ዝም።
ከዚያ በልጁ ስልክ፣ መጀመሪያ ሳሉ፣ ቀጥሎ እሱ፦
«እኔ የማውቀው ጥቁር አፈር ነው። ጭቃ ነው።
አሸዋ ላይ ሠርቼ አላውቅም።
አንተ ለካና ንገረኝ።»

ይኸው ታዲያ፣ አሥር ሰዓት።
ግራሶው ገብቷል። ትንሽ ወደፊት ነዳኋት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፤
አሸዋው በጥርሶቿ መሃል ሲታኘክ ሰማሁ፣ አጠፋኋት።
ዘርዋሊ ብረቱን አጋደመ።
እጄን ሰደድሁ፤ አራት።
ከላይ ትንሽ ክፍተት ቀረች።
እሱ ከወዲያ በኩል አንዲት ጣት ጨመረ፣
ልክ ገጠመች፤ ሳቀ።

አምስት ነው ጋሼ።
ግን ቆይ፣ አልልክልህም ገና፤
የቀኙ ጎን አልተለካም።