ስንጥቅ

ፒዮራኮ ትንሽ ከተማ ናት፣ ከሁለት ገደል መካከል፤
ወንዟ ፖቴንዛ ይባላል፣ ሌሊት እንደ ሰው ያጉተመትማል።
ከዳሩ አንድ ወፍጮ አለ፣ እህል ቀምሶ የማያውቅ፤
ቀለቡ ከጥንት ጀምሮ ያረጀ ሸሚዝ፣ የነተበ ጨርቅ።
እኔ እዚያ ውሃ እሞላለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፤
ረቡዕ ልጆች ሲመጡ ሽርጣቸውን አስራለሁ።

ሐኪሙ ለሕመማቸው ረጅም ረጅም ስም አለው፤
እኔ ግን የማየው ይህን ነው፦
ማፋልዳ ጣቷን ትቆጥራለች፣ ዐሥር መሆኑን ተጠራጥራ፤
ሳሙኤሌ ጠረጴዛ ሥር ነው፣ ከገዛ ጫማው ጋር ሲያወራ፤
ኤልቪዮ ደግሞ ይቀዳል።

ምድር ተናውጣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከተሰነጠቀ ወዲህ
ደብተር ይቀዳል፣ ካርታ ይቀዳል፣ የቄሱን መዝሙረ ዳዊት፣
የእናቱን የደሞዝ ወረቀት፣
አንድ ቀን ደግሞ ከማያውቀው ሰው እጅ የባቡር ትኬት።

«ይቀዳል» ብዬ በፊደሌ ብጽፈው
አንባቢ በምን ይለየው?
በዓይን ሲያዩት አንድ ነው፤ ምላስ ላይ ነው የሚለያየው፦
ሲጠብቅ ወረቀት ነው፣
ሲላላ ውሃ።

ኦርኔላ፣ መምህርቷ፣ ባዶ ባልዲ ከፊቱ አኖረች፤
«ዛሬ ሥራችን መቅደድ ነው፤ ጎበዝ ቀዳጅ ቸግሮናል» አለች።
ቀና ብሎ አያት። ወጥመድ መሰለው።
ከዚያ ቀደደ።
እስኪያልበው፣ ክንዱ እስኪዝል፣ ጥፍሩ ሥር ክር እስኪገባ፣
ማንም ሳይቆጣው፣ ሦስተኛው ባልዲ እስኪሞላ።

ቁርጥራጩ ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ጠጣ፤
ተወቅጦ፣ ተማስሎ፣ እንደ ቀጭን አጥሚት ወጣ።
ወንፊቱን በሁለት እጅ ማጥለቅ፣ ሳያዘነብሉ ማንሣት፣
ወደ ጎን፣ ወደ ፊት፣ በቀስታ መነቅነቅ፣ መተንፈስ መርሳት።
«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ሲሉኝ ነበር ያደግሁት፤
እዚህ ግን «ይፍሰስ፣ ተወው ይሂድ» ነው የሚሉት፤
ገጽ የሚሆነው የቀረው ነው።

የመጀመሪያውን ገጽ ሲያወጣ ሁሉም አጨበጨበ።
ጭብጨባው አስፈራው መሰለኝ፤ በጡጫ ደበደበ፣
ጠቅልሎ ወደ ገንዳው መለሰው።
ኦርኔላ ፊቷ አልተለወጠም፤
«ውሃው አልተቀየመህም» አለችው፣ ሌላ አልጨመረችም።

በስድስተኛው ረቡዕ ሽቦ አጠፍን፣ በወንፊቱ ላይ የሚሰፋ፤
ገጹ በብርሃን ሲታይ ብቅ የሚል፣ ሲያስቀምጡት የሚጠፋ፣
የውሃ ማኅተም ይሉታል።
ማፋልዳ ዐሥርን ሠራች፣ በቁጥር። ሳሙኤሌ ጫማ።
ኤልቪዮ ጉጠቱን ይዞ ብዙ ቆየ፤
ከላይ የሚነሣ፣ መሃል ላይ ለሁለት የሚከፈል
አንድ ጠማማ መስመር ሠራ።
የት እንዳየው አልጠየቅሁትም።

እናቱ ልትወስደው መጥታ ገጹን ወደ መስኮቱ አነሣች፤
«ፖቴንዛ ነው? ወንዛችን?» አለች፣
ድምፅዋ ሊሰበር ጥቂት ሲቀረው።
ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ባልዲዬን።
«እሺ» አለ፣ «ወንዝ ይሁን።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ማስጠንቀቂያ መጣበት፤
ከነማኅተሙ፣ ከነፊርማው፣ ለስምንት ቀደደው አሉ፣ ርእሰ መምህሩ ፊት።
ግን አንዷም መሬት አልወደቀች።
ብጥስጣሹን በኪሱ ይዞ
እስከ ረቡዕ ጠበቀ።