ሰሌዳው ላይ የለም

ጀልባው ሞተር አያጠፋም፣ ሃያ ደቂቃ ነው፤
እኔም እንደ ሰሌዳው ዘመኑን ልቁጠረው፦
ይህ ሥዕል ሸማ ላይ፣ ይህ በር ከዋንዛ የተሠራው።

አንዷ ግን ጠየቀች፣ ፀጉሯ የሸበተ፦
“እዚህ ምን ነበረ? ምን ጎደለ? ምን ሞተ?”

ቀና አልኩ።

ቆርቆሮ ከለበሰ አሥራ አንድ ዓመቱ፤
አልዋሽም፣ ለሥዕሉ ሆኗል መድኃኒቱ።
ሳሩ ያፈስ ነበር፤ የጊዮርጊስ ፈረስ
እስከ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ገብቶት ሲርስ
አይቻለሁ በልጅነቴ።

ግን ያኔ፣ ሐምሌ ሲገባ፣
ዝናቡ ሳሩን የሚረግጠው
በእግር ጣቱ ነበር፣ እንደ አርፋጅ ሰው፤ የአባ
ጥዑመ ልሳን ንባብ ከመጋረጃው ጀርባ
ጥርት ብሎ ይሰማል።
ዛሬ ዝናብ ሲያጓራ በዚህ ብረት ላይ፣
ወንጌል ሲነበብ ከንፈር ነው የምናይ።

ይህን ቢሮው በሰጠን ወረቀት አልጻፈም፤
የጠየቀም የለ፤ ከአፌም አላለፈም።

ሞተረኛው አንለይ ጮኸ፦ “ባሕር ዳር ሩቅ ነው፣ ማዕበል መጣ!”
ከደቅ በኩል ደመና ጠቁሮ ሲወጣ።
ሌላው በዘጌ ቡና መሀል ሮጦ ወረደ።

እሷ ካሜራዋን ቦርሳ ውስጥ ከታ
ቆመች።
እኔም ቆምኩ፣
የመጀመሪያዋ ጠብታ
ጣራውን እስክትመታ።