መቶ አሥራ ሦስት

በዔን ያሃቭ ማታ፣ የኤዶም ተራራ ቀልቶ ሲደበዝዝ፣
ተምሩ በረድፍ ቆሞ ውኃ ይጠብቃል እንደ ደሞዝ።
በየግንዱ ሥር አንዳንድ የጨው ዕቃ የምታህል ሳጥን፣
አፈሩን ቀምሳ "ጠማኝ" ወይ "በቃኝ" ብላ የምትነግረን።

መቶ ሃያ ናቸው። ሽቦ የላቸውም።
ሁለት ሁለት ባትሪ፤ ከዚያ ወዲያ ስንቅ አይሰፈርላቸውም።
አምስት ዓመት እንዲኖሩ ነው የተማማልነው፣
እኔና ባትሪው፤ ቃሉን የሚያፈርሰው ወሬው ነው።

መስማት ያስከፍላል። መናገር ይብሳል።
ምስጢር አድርጎ መናገር ግን ከሁሉ ይከፋል፤
መቆለፍ፣ ማተም፣ የሌላውን ማኅተም ገልጦ መመርመር፣
በየደቂቃው ከሆነ፣ በጥር የበራ በሰኔ ይቀበር።

ሳይቆለፍስ ቢቀር? አንዱ አላፊ መኪናውን ጥግ ያቆምና
በተምሩ ስም "ደረቅሁ" ይላል፤ ቧንቧው ያምናል፣ የዋህ ነውና።
የወር ኮታችንን በአንድ ሌሊት አሸዋ ይጠጣዋል፤
ጠዋት ኤልካና ቆጣሪውን አይቶ ስሜን በሙሉ ይጠራዋል።

ሥራዬ ይኸው ነው፦ ስንት ጠብታ ጉልበት ለእምነት፣ ስንቱ ለአጥር፣
ከስንት ቃል በኋላ ነው ወዳጅን መጠራጠር?

አጎቴ ቢያድግልኝ በቤርሳቤህ፣ ባውቶቡስ መናኸሪያው በር፣
ሃያ ሁለት ዓመቱ የሰው ቦርሳ ሲከፍት፣ የሰው ጓዝ ሲቆጥር።
አንድ ዓርብ ጠየቅሁት፦ "ሁሉን እኩል ትፈትሻለህ?"
ሳቀ።
"ሁሉን የፈተሸ ቀትር ሳይሆን ዓይኑ ይፈዛል፤
የፈዘዘ ዘበኛ ደግሞ ካልተቀጠረው ይብሳል።"
"ታዲያስ?"
"አርፋለሁ። መቼ እንደማርፍ ግን ለማንም አልናገር።"

ይህን ሰምቼ የሳጥኖቹን የእንቅልፍ ሰዓት አዘበራረቅሁት፤
ለዕለት ወሬ አጭር ማኅተም፣ ለ"ቧንቧ ክፈት" ረዥሙን ሰጠሁት።
ሁለት በጋ ደኅና አለፈ።

በነሐሴ ሰባተኛው ረድፍ ይሞት ጀመር።
አሥራ አራት ሳጥን፣ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው፣
ባትሪያቸው ተሟጦ፣ ሲጠሯቸው ዝም። ምን ነካቸው?

ቁጭ ብዬ አዳመጥሁ። ሌሊት አንድ ድምፅ ያንኳኳል፤
"ክፈቱልኝ" ይላል።
ሁሉም ይነቃል። "ማን ነህ?" ይላል። ማኅተሙን ይመረምራል።
አይሆንም። ይተኛል።
ገና ዓይኑ ሳይከደን፣ ደግሞ ያንኳኳል።

ቃላቸውን የሚሰርቅ ሌባ ነበር የጠበቅሁት፤
እንቅልፍ የሚሰርቅ መኖሩን አላሰብሁት።
በሩ አልተሰበረም። "ማን ነህ?" በማለት ብቻ አለቁ።

ከኤልካና ልጅ ከናዳቭ ጋር አንቴና ይዘን ወጣን፣
ድምፁ ወደሚበረታበት፣ እስከ ረድፉ መጨረሻ ሄድን።
መኪና የለም። የእግር ዱካ የለም።
በወደቀ የተምር ዝንጣፊ ሥር፣ እስከ ወገቧ በአሸዋ ተውጣ፣
መቶ አሥራ ሦስት ተቀምጣለች፣ አንድ ዓይን መብራቷን አፍጥጣ።

"ጠፍታለች" ብዬ የሰረዝኋት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።
ለሙከራ የፀሐይ ሰሌዳ የለጠፍሁባት እሷ ብቻ ነበረች፤
ስለዚህ አይደክማትም፤ ቀን ፀሐይ በልታ ሌሊት ታንኳኳለች።
ቁልፍ ስንቀይር ተቀብራ ነበር፤ ነፋስ ገልጧት ነቃች።

"የእናንተው ነኝ" ነው የምትለው፤ በአሮጌው ቁልፍ፣ በአሮጌው ቃል፤
እህቶቿ አዲሱን ለምደው "አናውቅሽም" ይሏታል።

ናዳቭ "አጥፊያት" አለኝ። ጣቴን አዝራሩ ላይ አኖርሁት።
እናቴን አሰብሁ፤ በአንድ ቢሮ መስኮት ፊት፣ ሦስት ክረምት፣
"የእናንተው ነኝ" ስትል፣ ወረቀት ሲጠይቋት።

አላጠፋኋትም። አሸዋዋን አራገፍሁ፣ ገመድ ሰካሁ፣
አዲሱን ቁልፍ በእጄ አጎረስኋት። ያን ሌሊት ረድፉ ተኛ።

ሕግ ግን ማውጣት ነበረብኝ፤ ኤልካና ሕግ ይወዳል።
ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ያልታወቀ፣ አንድ ሰዓት ጆሮ ይነፈጋል።
ባትሪው ተረፈ። ውኃው በልኩ ይወርዳል።

እኔ በዚያች አንድ ሰዓት እነቃለሁ።
ደጅ የቀረ ካለ ብዬ፣
አንቴናውን ወደ ጨለማው አዙሬ አዳምጣለሁ።