የዚህ መሬት ባለቤት

ካርዱ ላይ ሲጽፉት ስሙን አጣመሙት፣
የእርሻው ሰው በሙሉ «ቦምቤይ» ብለው ጠሩት።
አቤት ይላል እሱም፤ ምን ሊያደርግ ይችላል፣
ስም ቢጣመምም ደሞዝ ይከፈላል።
ማታ ግን ቧንቧው ሥር፣ ጀሪካን ስንሞላ፣
አንገቱን ጣል አርጎ ጥቂት ወደ ኋላ፣
«ዉምቤይ ነኝ» አለኝ፣
ደግሞም ተረጎመልኝ፤
«አላህ ፊ» ማለት ነው። እግዜር አለ።

የምናወጋው በዚያች በዲግዳጋ አረብኛ ነው፣
ግሷ ረግፎባት ፊ እና ማፊ በቀራት።
«መሬት ፊ?» «ፊ።»
«አባት ፊ?» «ፊ።»
«ሚስት?» «ማፊ። ገንዘብ ማፊ።»
በሁለት ቃል ስንት ሌሊት አነጋን።

የቤቱ ቋንቋ ሌላ ነው፣ ሊክፓክፓልን ይባላል፣
ከከንፈር ተነስቶ ጉሮሮ ላይ ያልቃል።
ለኔም አማርኛ የተማርኳት ናት፣
የዳውሮ ልጅ ነኝ፤ ስለ ቦዬ ባወራለት
ተንበርክኮ አፈር ከመረ፣ በሁለት እጁ፣ እስከ ጉልበት፤
በኦቲ ወንዝ ዳር፣ በጋና ሰሜን፣ እንዲህ ነው አሉ የሚተከል፣
አንድ ክምር ላንድ ቦዬ፣ ወገብ እስኪነቀል።

አባቱ ድምፁን በስልክ ይልካል፣ ዓርብ ዓርብ ማታ፣
ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሁለቱ ሰላምታ።
ሥራህስ? ጤናህስ? ጎረቤትህ እንዴት ነው?
(ጎረቤቱ እኔ ነኝ። ደህና ነው ይለዋል፣ ደህና ነው።)
ጉዳዩ ያለው መጨረሻው ጫፍ ላይ ነው፤
ዝናብ ዘግይቷል፤ አጎትህ ታመመ፣ ቀበርነው።

ነሐሴ ገባ። ቴምሩ ግማሹ ወርዷል፣
የብረት በር በባዶ እጅ አይነካም፣ ይልጣል።
ሹፌሩ ከዴራ አንድ ቦዬ ይዞለት መጣ፣
የዘንድሮ፣ አፈሩ ያልረገፈ።
የሁለት ቀን ደሞዝ ሳያንገራግር ከፈለ፣
በጆንያ ጠቅልሎ ካልጋው ሥር አኖረው።
«ልቀቅለው?» አልኩ፤ ቢላው እጄ ላይ ነበር።
«ማፊ!» ብሎ ክንዴን ያዘ።
ያገሩ መሬት ሳይቀምስ፣ ሽማግሌው ሳያፈስ፣
አዲሱን የበላ…
ጣቱን አንገቱ ላይ አሻገረ።
እኔ ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነበርኩ፣
ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አልፈለግኩ።

ዘጠኝ ቀን። የቦዬው ቆዳ ተጨማደደ።
በአሥረኛው ሌሊት ስልኩ ጮኸ፣ ያለ ሰላምታ፤
መጀመሪያ ጅግራ፣ ከዚያ የሽማግሌ ጉሮሮ፣
ከዚያ ጠላ መሬት ላይ ሲንዠቀዠቅ
(እኔ ነፋስ መሰለኝ፤ የሰማው እሱ ነው)።
«ኸላስ» አለ፣ ዓይኑን አብሶ።

ፍልሰታም ተፈቷል። ውሃ ጣድኩ፤
ጉድጓዱ ራሱ ጨው ስለሆነ፣ ጨው አልጨመርኩ።
የመጀመሪያዋን ቁራሽ በመዳፉ ይዞ ወጣ፣
ከቴምሮቹ መሃል ጫማውን አወለቀ፣
ቆመ። ቆሞ ቀረ።
«ይህ መሬት» አለኝ «ባለቤቱ ማነው?»
«ዓሊ ሰይፍ ነዋ፣ ስፖንሰራችን።»
«እሱ የወረቀቱ ነው።
እኔ የምልህ የመሬቱን ነው።
ስሙ ካልተጠራ እንዴት መጥቶ ይበላል?»
የመንደራችን አድባር ትዝ አለችኝ፣ ያቺ ዋርካ፣
ቅቤ የምትቀባው፤ ቄሱ ሌላ ወገን እያዩ የሚያልፏት።
የዚህኛውን ግን እኔም አላውቀው፤
ስድስት ዓመት ስቆፍረው
አንድ ቀን እንደምን አደርክ አላልኩት።

ጎንበስ አለ። በቋንቋው ብዙ ተናገረ፣
አብዛኛው ሰላምታ እንደሆነ ገባኝ።
ስም የሚገባበት ቦታ ሲደርስ
ትንፋሹን ዋጠ፣
ባዶውን አልፎ ቀጠለ።

ቦዬው ጥሩ አልነበረም፤ ሙቀት መትቶታል። በላነው።

ጧት ፎርማኑ ይጮኻል፣ «ማነው ምግብ የጣለ?»
ዉምቤይ ቁጢጥ ብሎ መሬት ያያል፤
ጉንዳኖች ከፓምፑ ወዲያ ተሰልፈው መጥተው
ቁራሿን ይጎትታሉ፣ አንዳንዴም ወደተሳሳተ ወገን።
«ቦምቤይ!» ደግሞ ተጠራ።
አቤት ለማለት ቆየ፣
እስኪያልፉ።