ሳንቃው ከየት መጣ

አሞራ ገደል ላይ፣ ዓሣ ሻጩ ሲሄድ፣
ከሬንጁ ጣሳ ሥር፣ ቁርጥራጩ ሲነድ፣
ባሌና አጎቴ፣ ዓለምን ሲፈጥሩ፣
እኔ መረብ ጠጋኝ፣ ሰማኋቸው ከዳሩ።

አጎቴ መሪጌታ፣ ጣና ዳር የተማረው፣
ገብርኤል ደጃፍ ላይ፣ ዕድሜውን ያኖረው፣
አውራ ጣቱን አጥፎ፣ አራቱን ዘረጋ፦
«እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃ፣ አፈር፣ ካለመኖር መጡ፤
‹ነበሩ› ካልናቸውማ፣ ካምላክ ጋር ተቀመጡ።
የቀረው ግብር እምግብር፣ ከነዚያ ተሠራ።
መጀመሪያ ግን፣ ልጄ፣ አናጢም ሳንቃም የለም፤
አንድ እሱ ብቻውን፣ ያለ ዕቃ፣ ያለ ቀለም።»

ዳንጊሶ ሣቅ አለ።
ባለፈው ክረምት ነው፣ ስም ደረታቸው ላይ የለጠፉ፣
ነጭ ሸሚዝ ለባሾች፣ በባጃጅ መጥተው ያስተማሩት።
ሰፈሩ «ሞርሞን» ቢለው፣ እሱ ሙሉ ስሙን ይወዳል፤
ጠርቶ እስኪጨርሰው፣ የኛ ሻይ ይበርዳል።
«መሪጌታ፣ ልጠይቅ፤ ይቺ ጀልባ ስትሠራ፣
ዋንዛው አልነበረም፣ ቆሞ ከተራራ?
አምላክም እንዲያ ነው፤ ቁሱ ዘላለም ነበር፤
የተበተነውን፣ አደራጀው በክብር።
እኛም መንፈስ ሆነን፣ ከቤቱ ነበርን፤
በእናት ማኅፀን፣ ትናንት አልጀመርን።»

«ዛፍ ቆርጦ የሚሠራ፣ እሱማ አንተ ነህ!»
«አባታችን አናጢ ቢሆን፣ ምኑ ያሳፍራል?»

መርፌዬ ቆመ።
ከጀልባዋ ጎን ሥር፣ ያቺ ትንሽ አልጋ አለች፣
ከተረፈው ሳንቃ፣ በባሌ እጅ የተመታች።
ሦስት ሌሊት ብቻ፣ ልጃችን የተኛባት፣
አርባ ቀን ሳይሞላው፣ የክርስትና ስም ሳይወጣለት።

ያኔም እንዲሁ ነበር፤ አጽናኑኝ በየፊናቸው።
ባሌ፦ «ነበረ» አለኝ፣ «አልጀመረም ካንቺ፤
ወደ ቤቱ ነው የሄደው፤ ተይ እንግዲህ አንቺ።»
አጎቴ፦ «አልነበረም፤ ማንም አላስገደደው፤
ካለመኖር ጠራው፣ እንዲሁ ወደደው።»
ቀን ቀን፣ ዓሣ ስመዝን፣ የባሌን እይዛለሁ፤
ሌሊት ግን የአጎቴን። ለምን እንደሆነ አላውቅም።
የሁለቱንም ባንዴ፣ ልይዝ ሞክሬያለሁ፤
እንደ ሁለት ቀረሶ፣ ከእጄ ያመልጡኛል።

«ሳንቃው ከየት መጣ፣ ተከራከሩበት፤
እኔን ግን ንገሩኝ» አልሁ። «እሱን በቀበርንበት
ማግስት፣ ሊነጋ ሲል፣ ቀሚሴን ያራሰው፣
ማን ሊጠጣው ብሎ ነው፣ ያ ወተት የፈሰሰው?
ከነበረ ነው እሱ? ወይስ ካልነበረ?»

ሁለቱም ዝም አሉ። አባ ኮዳ በረረ።

ሬንጁ ሲገነፍል፣ አጎቴ ደነገጠ፤
ጣሳውን ሊያወርድ፣ በነጠላው ጨበጠ፤
ጫፉ ጠቆረበት፣ አላየውም እሱ።
ዳንጊሶ ስንጥቁን በጣቱ እየዳሰሰ፣
«እዚህ ጋ ያዝልኝ» አለው፣ «መሪጌታ፣ እዚህ ጋ»፤
ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ፣ ጣሳውን አስጠጋ።

ከትንሿ አልጋ ላይ፣ አንዱ ያኖረውን ብሩሽ፣
ምንም ሳልናገር፣ አንሥቼ ሰጠሁት።
መረቤን ሰበሰብሁ፣
ያልጠገንሁትን ጎን፣ ወደ ውስጥ አጥፌ።